ቡና ላይ የባርነት ነገር ሲነሳ እንዴት እንነጋገር

የምኖረው ጅማ ነው። 26 ዓመት ታሪክ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ከቤቴ እስከ ሒርማታ ገበያ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። ሒርማታ ዛሬ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ጤፍና ልባሽ ጨርቅ ይሸጥበታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰውም ይሸጥበት ነበር፤ በዚህ አካባቢ ከታወቁት የባሪያ ገበያዎች አንዱ ነው። ከከፋ፣ ከዳውሮና ከሌሎችም አገሮች የተያዙ ሰዎች እዚህ ይመጡ ነበር። ከዚህ የተገዙት እየተነዱ ወደ ሰሜን ይሄዳሉ። ብዙዎቹ ቀይ ባሕርን ተሻግረዋል።

ይህንን ክፍል ውስጥ ሳስተምር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ እናቴ እኮ እዚያ ነው ሽንኩርት የምትሸጠው» አለኝ። ሊሞግተኝ ፈልጎ አልነበረም። የሚያውቀውን ቦታ ስም ስለሰማ ደንግጦ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባርነትን ያለ ቦታ፣ ያለ ዓመተ ምህረትና ያለ ሰው አስተምሬ አላውቅም።

ክፍል ውስጥ ግን ቀላል ነው። ሠላሳ ደቂቃ አውርቼ ደወል ይደወላል። የሚከብደው ቡና ላይ ሲነሳ ነው። ሠርግ ሲታሰብ፣ ለቅሶ ቤት ሲመሽ፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ሲደውል ይነሳል። ሰው ይቆጣል። ሰው ያለቅሳል። አንዳንዱ የያዘውን ስኒ አስቀምጦ ይወጣል። እኔም ብዙ ጊዜ ተሳስቼ ተናግሬበታለሁ። ለዚህ ነው የተማርኩትን ለእናንተ ልጽፍ የተነሳሁት።

ከሁሉ በፊት አንዲት ጥያቄ ያዙ። «መሄድ ትችል ነበር ወይ?» በቃ ይቺው ናት። የጥንቱም ነገር ሲነሳ፣ የአረብ አገሩም ሲነሳ፣ የገዛ ቤታችንም ሲነሳ ትሠራለች። ከየት እንዳገኘኋት ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

«እንደ ቤተሰብ ነበሩ» ሲባል

በብዛት የምትሰሙት ይህንን ነው። «የእኛ አገር ባርነት እንደ ፈረንጁ አልነበረም። አብረው ይበሉ ነበር። ጌታው ይድራቸዋል። እንደ ልጅ ነው የሚታዩት።»

ይህን የሚሉ ሰዎች ውሸታም አይደሉም። አብዛኞቹ ያዩትን ነው የሚናገሩት። ያዩት ግን ከምድጃው የትኛው ወገን ተቀምጠው ነው? ጎረቤታችን እማማ ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት ነው የቀራቸው። አንድ ቀን ቡና ላይ አያታቸው ቤት ስለነበረች ሴት አወሩ። ነፃ ከወጣችም በኋላ እዚያው ቤት ቀርታ እሳቸውን አዝላ ያሳደገች ናት። በፍቅር ነው የሚያወሩት፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እኔ ያኔ ወጣት አስተማሪ ብሆን ኖሮ «እማማ፣ ይሄ እኮ ባርነት ነው!» ብዬ እጮህባቸው ነበር። ጮኼም አውቃለሁ፣ በሌላ ቤት። ያተረፍኩት ቅያሜ ብቻ ነው።

በዚያን ቀን ግን «እማማ፣ ስሟ ማን ነበር?» አልኳቸው። ነገሩኝ። ደስ የሚል ስም ነው፣ አማርኛ ነው። «ይህን ስም ማን አወጣላት?»

«አያቴ ነዋ።»

«እናቷስ ምን ብላ ነበር የምትጠራት?»

ዝም አሉ። ስኒውን በእጃቸው ሲያዞሩት ቆዩ። «እናቷማ የት ትታወቃለች አንተ ልጅ» አሉ በመጨረሻ። ሌላ አልጨመርኩም። በሚቀጥለው ሳምንት ራሳቸው አስጠሩኝና ትዝ ያላቸውን ሁሉ ነገሩኝ። በየት በኩል እንደመጣች፣ ማታ ማታ ብቻዋን በማይገባቸው ቋንቋ ታንጎራጉር እንደነበረ። ሰባ ዓመት ሙሉ ለማንም ያላወሩት ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። የሚወዷትን ሴት አትንጠቋቸው። ፍቅሩ እውነት ሊሆን ይችላል። ስለ እሷ ጠይቁ፤ ከየት መጣች፣ ማን አመጣት፣ መሄድ ብትፈልግ ትሄድ ነበር ወይ? ቤተሰብ ቢሆኑማ ማን ይሸጣቸዋል?

«በዘመኑ ነውር አልነበረም» የሚል ከመጣ ደግሞ ፍትሐ ነገሥትን አንሱ። ባርነትን የሚፈቅደውና ሥርዓት የሚያወጣለት ያው መጽሐፍ፣ ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ነፃ እንደሆነ፣ ሰውን ለሰው ያስገዛው ጦርነት እንደሆነ ይናገራል። የፈቀዱትም ያውቁት ነበር ማለት ነው።

ዓመተ ምህረቶቹን በቃላችሁ ያዙ። ክርክሩ ሲሞቅ ዓመተ ምህረት ያቀዘቅዘዋል። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው በመስከረም 1916 ዓ.ም. ነው። ስትገባ ባርነትን እንደምታስቀር ቃል ገብታለች። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሳሉ፣ ባሪያዎች ቀስ በቀስ ነፃ እንዲወጡ የሚያዝ ሕግ ወጣ። በ1923 ዓ.ም. ተጠናክሮ ሌላ ወጣ። ሙሉ በሙሉ የከለከለው አዋጅ ግን የታወጀው ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ማለት ነው። ያን ቀን የተወለዱ ሰዎች ዛሬም አሉ። ኪዳነ ምሕረት ቅጥር ውስጥ ተቀምጠው ፀሐይ ሲሞቁ አያቸዋለሁ። «የጥንት የጠዋት ነገር» ሲባል ይህንን አስታውሱ።

ጣሊያንን ካነሳሁ አይቀር፣ «ባርነትን ያስቀረው ጣሊያን ነው» የሚልም አለ። «ባርነት ነበር ብሎ የሚያወራ የጣሊያንን ፕሮፓጋንዳ ነው የሚደግመው» የሚልም አለ። ሁለቱ እርስ በርስ ሲጯጯሁ የተሸጠው ሰው ይረሳል። ፋሽስት ኢጣሊያ ባርነትን ለወረራው ሰበብ አድርጋ ለማኅበሩ አቅርባለች፤ እውነት ነው። ሠራዊቷ ትግራይ እንደገባ ነፃነት አውጃለሁ ብላለች፤ ይህም እውነት ነው። ነፃ አወጣሁት ባለችው ሕዝብ ላይ የመርዝ ጋዝ አዝንባለች። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። የሰበበኛው ክፋት ግን ሰበቡን ውሸት አያደርገውም። እኛ ቤት በሽታ ነበረብን። ሌባው በሽታችሁን ላክም ብሎ ገባ። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ መናገር ይቻላል፤ እኔ ክፍል ውስጥ የ15 ዓመት ልጆች ሲገባቸው አይቻለሁ።

«እኛ ባሪያ ሆነን አናውቅም» ሲባል

ይህንን ከወንድሜ ልጅ በስልክ ነው የሰማሁት። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። ኡበር ይነዳል። እዚያ ሰፈር ከሀበሻ ብዛት የተነሳ እንጀራ ከዳቦ ይልቅ ይቀርባል ይለኛል። አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ተሳፋሪ ጋር ተጨቃጨቁና ተናዶ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ እኛ እኮ ባሪያ ሆነን አናውቅም። አድዋ ላይ ያሸነፍን ሰዎች ነን። ለምን ከእነሱ ጋር ይደምሩናል?»

አድዋን አልነካሁበትም። አድዋ የሁላችንም ነው፤ የዚያ ተሳፋሪም ነው። ግን ሁለት ነገር ጠየቅኩት። አንደኛ፣ «እኛ» ያልከው ማንን ነው? ሒርማታ ላይ የተሸጠችው ልጅ «እኛ» ውስጥ አለች ወይስ የለችም? ሁለተኛ፣ አንተ አሜሪካ የገባኸው በየትኛው በር ነው?

ዲቪ ደርሶት ነው የገባው። ከዲቪ በፊት ግን ሌላ ታሪክ አለ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1924 ባወጡት የኮታ ሕግ ለኢትዮጵያ የተመደበው በዓመት 100 ሰው ነበር። ያ የኮታ አሠራር የፈረሰው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። የፈረሰውም ጥቁር አሜሪካውያን ለመብታቸው እየተደበደቡና እየታሰሩ በታገሉበት በዚያው ጊዜ፣ በዚያው መንፈስ ነው። የባሪያ ልጆች የገፉት በር ነው እንግዲህ።

ከዚያ «ዱክ ስትሪትን ታውቀዋለህ?» አልኩት። ሳቀ። በቀን ሦስት ጊዜ ያልፍበታል። ዱክ ስትሪት ቁጥር 1315 ላይ አንድ ሕንፃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1828 ፍራንክሊንና አርምፊልድ የሚባሉ ሁለት ነጋዴዎች የሰው ንግድ ቢሮ የከፈቱበት ነው። በዘመኑ በአሜሪካ ከነበሩት ትልልቅ የባሪያ ነጋዴዎች ውስጥ ነበሩ። ሰዎቹን እዚያ አጉረው ወደ ደቡብ፣ ወደ ኒው ኦርሊንስና ወደ ናቸዝ ይልኳቸው ነበር። ዛሬ ፍሪደም ሀውስ የሚባል ሙዚየም ሆኗል። «ሄደህ እየውና ደውልልኝ» አልኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፎቶ ላከልኝ። የበሩን ፎቶ። ከሥሩ «ጋሼ፣ እዚህ በር ላይ ስንት ሰው አውርጃለሁ መሰለህ» ብሎ ጽፏል።

«የእኛው ይሻል ነበር፣ የእነሱ ይብስ ነበር» የሚለው ውድድር ውስጥ ግን አትግቡ። አትላንቲክን እንዲሻገሩ ከአፍሪካ የተጫኑት 12 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ናቸው ይባላል፤ በመርከብ መዝገብ የተጠና ነው። ይህ ቁጥር የሚያስፈራ ነው፣ አዎ። ጅማ ላይ ለተሸጠች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ምን ይፈይድላታል?

እንደ እሷ ያሉ ልጆች ታሪካቸውን በራሳቸው አፍ ተናግረው ተጽፎላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1888 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ቀይ ባሕር ላይ የባሪያ ጀልባዎችን ያዘ። ከተያዙት የኦሮሞ ልጆች ውስጥ 64ቱ በኋላ ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል የሚባል የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተወሰዱ። ማን እንደያዛቸው፣ ማን እንደሸጣቸው፣ በየት በየት እንዳለፉ አንድ በአንድ ተጠይቀው ተመዝግቧል። ከመካከላቸው ቢሾ ጃርሳ የምትባል ልጅ ነበረች። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር አፓርታይድን ታግሎ ሮበን ደሴት ላይ አሥር ዓመት ታስሯል። ይህንን ለወንድሜ ልጅ ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» ስል ነበር።

ቃሉ ስድብ ሆኖ ሲመጣ

እዚህ ላይ አጭር እሆናለሁ። ሰው በመልኩ፣ በጥቁረቱ ወይ በዘሩ «ባሪያ» ሲባል ከሰማችሁ ስለ ታሪክ ማብራሪያ አትስጡ። ያ ሰው እዚያው ቆሞ እየሰማችሁ ስለ ቃሉ አመጣጥ ሌክቸር መስጠት ሌላ ቁስል ነው። እኔ አድርጌዋለሁ። ከአሶሳ የመጣ ተማሪ ክፍል ውስጥ ተሰደበ። ተሳዳቢውን ላስተምር ብዬ ሃያ ደቂቃ ስለ ሻንቅላና ስለ ባሪያ ፈንጋይ አወራሁ። ልጁ በሙሉ ሃያው ደቂቃ ጠረጴዛውን እያየ ነበር። በማግስቱ ቀረ። ቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። «ቲቸር፣ ዝም ብለህ ብታስወጣው ይበቃኝ ነበር» አለኝ።

ስለዚህ ተሳዳቢውን አቁሙት። «ይህ ቃል እዚህ አይባልም» በሉ። ከዚያ ፊታችሁን ወደ ተሰደበው አዙሩ። ታሪኩ በሌላ ቀን ይደርሳል።

ስታስተምሩ ደግሞ የተሸጡትን በስም ጥሩ። ሒካ የሚባል የኢሉባቦር ልጅ ነበር። ሒካ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። በልጅነቱ ተሰረቀ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ፣ ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ። አድጎ ኦኔሲሞስ ነሲብ ሆነ። መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው እሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። እሷም ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ ቃላቱን እየሰበሰበች አግዛዋለች። ሲወለድ የወጣለት ስም በሥራው ተፈጸመ። ይህንን ስነግር ክፍሉ ሁልጊዜ ጸጥ ይላል።

ጋብቻ ላይ ሲመጣ ከስድብም ይከፋል፤ በሹክሹክታ ነውና። «ዘራቸው ይጣራ»፣ «ጨዋ አይደሉም» ይባላል። ጨዋ ስንል ዛሬ ምግባር ያለው ማለታችን ነው። ድሮ ግን የባሪያ ተቃራኒ ነበር፣ ነፃ ሆኖ የተወለደ ማለት ነው። በደቡብ አንዳንድ አካባቢዎች ዛሬም የተሸጡ ሰዎች የልጅ ልጆችን ማግባት የተከለከለ ያህል ነው። አንድ ጊዜ ለሽምግልና ተልኬ የልጅቷ አጎት አያቱን አነሳ። «የልጁ አያት የተገዛች ናት» አለ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። እኔ «የገዛትስ ማነው? የእሱ ልጆች ሲያገቡ ማን ጠየቀ?» አልኩ። ማንም አልመለሰም። ጋብቻው በስንት ጭቅጭቅ ተፈጸመ፤ አጎትየው አልመጣም። ነውሩን ወደ ሻጭና ገዢ መልሱት። የሷ አይደለም።

«አረብ አገር ዘመናዊ ባርነት ነው» ሲባል

ስለዚህ ብዙ የምለው አለኝ፤ የደረሰባት እህቴ ስለሆነች።

መጀመሪያ የሚደረገውን ጥንቃቄ ልንገራችሁ። አረብ አገር የሠራ ሁሉ ባሪያ ነበር አትበሉ። ደሞዟን በወሩ የምትቀበል፣ አርብ አርብ የምትወጣ፣ ስልኳ እጇ ላይ የሆነ፣ ቤት ሠርታ ወንድሞቿን ያስተማረች ስንት ሴት አለች። ጅማ ዙሪያ ያለው ስንቱ ብሎኬት ቤት በእነሱ ላብ የቆመ ነው። «ባሪያ ሆና መጣች» ሲባሉ ያማቸዋል። ከእነሱ አንዷ ቡና ላይ ብትኖር ቅድሚያ እሷ ትናገር።

ከዚያ አሠራሩን አስረዱ። ከፋላ ይባላል። የሠራተኛዋ መኖሪያ ፈቃድ በአሠሪዋ ስም ይታሰራል። ያለ እሱ ፈቃድ ቤት መቀየር አትችልም፣ በብዙ ቦታም ከአገር መውጣት አትችልም። ከቤቱ ከወጣች «ጠፊ» ትባላለች፤ በደል ደርሶባት ብትወጣም ወንጀለኛዋ እሷ ናት። ይህ አገር ለአገር፣ ዘመን ለዘመን ይለያያል፤ ማሻሻያ ያደረጉም አሉ። ስለዚህ «አረብ አገር» ብላችሁ አትጠቅልሉ። የትኛው አገር፣ በየትኛው ዓመት፣ ፓስፖርቱ ማን ጋ ነበር፣ ደሞዙ ተከፈለ ወይ፣ በሩስ? እነዚህን ጠይቁ። መልሱ ራሱ ይነግራችኋል።

እህቴ ቤይሩት የሄደችው በ1993 ዓ.ም. ነው። ደላላው የነገራትና እዚያ የጠበቃት አይገናኝም፤ ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፓስፖርቷን ማዳሟ ከአየር ማረፊያ ጀምራ ወሰደችው። የምትተኛው በረንዳ ላይ ነው፣ በመስታወት በተከለለች። ቤተሰቡ ሲወጣ በሩ ከውጭ ይቆለፋል። አምስት ዓመት ሙሉ ብቻዋን ከዚያ ሕንፃ ወጥታ አታውቅም።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ እስራኤል ቤይሩትን ስትደበድብ አሠሪዎቿ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ተራራ ሸሹ። እሷን ቆልፈውባት። «ዕቃ የሚጠብቅ ያስፈልጋል» ተባለ። በዚያ ክረምት ይህ የእሷ ብቻ ዕጣ አልነበረም፤ ብዙ ሠራተኞች በየአፓርትማው ተቆልፎባቸው ቀርተዋል። በሦስተኛው ቀን የሕንፃው ዘበኛ፣ እነሱ ናጡር ይሉታል፣ ጩኸቷን ሰምቶ በሩን ሰብሮ አወጣት። እሱም ስደተኛ ነበር። በሶሪያ በኩል ወጥታ በነሐሴ አገሯ ገባች፤ በነጠላ ጫማ፣ ያለ ፓስፖርት።

ታሪኳን ስትነግረን መሐል ላይ ጎረቤት «ይከፍሉሽ ነበር አይደል? ታዲያ ምኑ ባርነት ነው?» አላት። ተናደድኩ፣ ልመልስ ስል በእጇ አስቆመችኝ። «የሁለት ዓመቱን ከፍለውኛል» አለች። «ግን መሄድ እችል ነበር?» ጥያቄዋን ያገኘኋት ከእህቴ ነው። ከዚያ በፊት ለተማሪዎቼ የምሰጠው ትርጉም ከመማሪያ መጽሐፍ የተገለበጠ፣ አራት መስመር የሚሞላ ነበር።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትና አጋሮቹ ባወጡት ግምት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ሰው በዘመናዊ ባርነት ውስጥ ነበር። 28 ሚሊዮኑ በግዳጅ ሥራ፣ 22 ሚሊዮኑ በግዳጅ ጋብቻ። ሁለተኛውን ስናገር ሁሌ የሚገረም ሰው አለ። ጠለፋ በሚታወቅበት አገር ባንገረም ጥሩ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ቤይሩት ያለው ቆንስላችን በር ላይ አሠሪዎቻቸው ከነሻንጣቸው ያራገፏቸው እህቶቻችን መንገድ ላይ ሲያድሩ በቴሌቪዥን አይተናል። እህቴ ያን ቀን ቴሌቪዥኑን ዘጋችው።

«እኛስ የደሞዝ ባሪያ አይደለን?» የሚል ባልደረባ በየትምህርት ቤቱ አይጠፋም። ደሞዛችን እንደማይበቃ እኔም አውቃለሁ። ግን መልቀቂያ ጽፈህ መውጣት ትችላለህ። ሌላ ቃል ፈልግለት፤ ይህንን ለእነሱ ተውላቸው።

ወሬው ወደ ቤታችን ሲገባ

ይገባል። ገና ያልገባ ከሆነ አስገቡት። አረብ አገርን እየረገምን ስኒውን የምታጥብልን ልጅ ማናት?

ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 18 ላይ ማንም ሰው በባርነት ወይም በግዴታ አገልጋይነት ሊያዝ አይችልም ይላል። የአሠሪና ሠራተኛው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም፤ ለብቻ ደንብ ይወጣል ብሎ አልፎታል። የሥራ ሰዓቷን፣ የዕረፍት ቀኗን፣ የምትተኛበትን የምንወስነው እኛ ነን ማለት ነው። እኔና እናንተ፣ በራሳችን ሳሎን።

በ1998 ዓ.ም. ልጃችን ሁለት ዓመቷ ነበር። ባለቤቴ ነርስ ናት፣ ፈረቃ ትገባለች። እኔ አስተምራለሁ። ደላላ ከዳውሮ በኩል የመጣች ልጅ አመጣልን። 16 ዓመቴ ነው አለች፤ የሚሆናትም አልመሰለኝ፣ ግን ዝም አልኩ። 80 ብር በወር። ብሩን ለአባቷ ነበር የምንልከው፤ «ልጅ ስለሆነች ታጠፋዋለች» ብለን። ከእኛ ጋር ነው የምትበላው። እንደ ልጃችን ናት እንል ነበር። ጠዋት ጠዋት ስንወጣ የግቢውን በር ከውጭ እንቆልፋለን። ለእሷው ደህንነት፣ ለሕፃኗም፣ ሌባ እንዳይገባ። አሥር ዓይነት ምክንያት ነበረን፤ ሁሉም ጥሩ ምክንያት ይመስል ነበር።

እህቴ ከቤይሩት ስትመለስ እኛ ጋ ነው ያረፈችው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሩን ዘግቼ ቁልፉን ሳዞር ከውስጥ ድምፅ ሰማሁ። ጩኸት ነበር። መልሼ ከፍቼ ስገባ እህቴ ግቢው መሐል ቆማ ትንቀጠቀጣለች። ልጅቷ ከኋላዋ ቆማለች፣ ሕፃኗን አዝላ። እህቴ ስሜን ጠርታ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ። «አንተም?»

በዚያ ቀን ሥራ አልገባሁም።

ቁልፍ አስቀረጽንላት፤ ሒርማታ ጫፍ ላይ፣ ሦስት ብር። ደሞዟን በእጇ መስጠት ጀመርን፤ ከእሱ ለአባቷ ስንት እንደምትልክ የምትወስነው እሷ ሆነች። የማታ ትምህርት ተመዘገበች። እሁድ የዕረፍት ቀኗ እንደሆነ ስንነግራት አልገባትም። «እሁድ ምን ላድርግ?» አለች። «የፈለግሽውን» አልናት። አላመነችንም፣ እውነቷን ነው።

የመጀመሪያው እሁድ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። በሩን ራሷ ከፍታ ራሷ ዘጋችው። ቁልፉ ሲዞር እኔና ባለቤቴ ቁርስ ላይ ነበርን። ትመለሳለች ወይ ብለን አልተነጋገርንም፤ ግን ሁለታችንም እያሰብነው ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቁልፉ እንደገና ዞረ። የት እንደዋለች አልጠየቅናት። እሷም አልነገረችን።